የማዳም ሆሊ፣ የሐጂ ሆላ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ አመንትቻለሁ። የአማርኛ መምህራችን «ከራሳችሁ ሕይወት የምታውቁትን ተራ ነገር ጻፉ» ሲሉን፣ የክፍል ጓደኞቼ ስለ ድርቁ፣ ስለ ዘመቻው፣ ስለ ሄዱ ወንድሞቻቸው መጻፍ ጀመሩ። እኔ ግን ወደ ሐሳቤ የመጣው አንድ በግ ነው። ስለ በግ ደግሞ ምን ይጻፋል? ጀግና የለበት፣ ጦርነት የለበት። አሰበ ተፈሪ ከተማ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ጎረቤታሞች በአንዲት ቃል ሳይግባቡ ቀርተው መልሰው የተግባቡበት ነገር ብቻ ነው። ሆኖም ሌላ ልጽፍ በተቀመጥኩ ቁጥር እሱው ፊቴ እየተደቀነ ስላስቸገረኝ፣ ይገባዋል አይገባውም አንባቢ ይፍረደኝ ብዬ እንደነበረው ልጽፈው ነው።

ግቢው የሐጂ ነበር። «ነበር» የምለው፣ ትርፍ ቤት ሲወረስ ከትልቁ ቤት በቀር ሌሎቹ ክፍሎች ለቀበሌ ስለሄዱ ነው። ሐጂ የጫት ነጋዴ ናቸው፤ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ። ቤታቸው ቢወረስም ባለቤትነታቸው አልተወረሰም። ቆርቆሮው ሲያፈስ የሚወጡት እሳቸው፣ የበሩ መቀርቀሪያ ሲሰበር የሚጠግኑት እሳቸው፣ ልብስ የት እንደሚሰጣ የሚያዝዙትም እሳቸው ናቸው። «ኪራዩን ለቀበሌ፣ ጭንቀቱን ለእኔ» ይሉ ነበር እየሳቁ።

ከተወረሱት ክፍሎች በአንደኛው እኔና እናቴ እንኖር ነበር። እናቴ የደብረ ብርሃን ሰው ናት፤ ነርስ ሆና ጤና ጣቢያው ተመድባ ነው የመጣነው፤ ከተማው በሙሉ «ሲስተር» ይላታል። ከእኛ ቀጥሎ ባለው ክፍል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን የሒሳብ መምህርና ባለቤታቸው ይኖራሉ። ሕንዶች ናቸው። እሳቸውን «ቲቸር»፣ ባለቤታቸውን «ማዳም» እንላቸዋለን። ቲቸር ክበብ ሲሥሉ ኮምፓስ አይፈልጉም፤ ጠመኔውን ይዘው ክንዳቸውን አንዴ ያዞሩና የዞረው መሥመር ከተነሣበት ነጥብ ላይ ይገጥማል። ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ይውጥ ነበር። ማዳም ደግሞ ዝምተኛ ነበሩ፤ አማርኛቸው ገና ነው። እንግሊዝኛዬን እንዳሻሽል እናቴ ወደ እሳቸው ትልከኝ ስለነበር፣ ሳይታወቀኝ የግቢው አስተርጓሚ ሆኜ ነበር።

ባልና ሚስቱ ሥጋ አይበሉም፤ እንቁላልም አይበሉም። ይህ ነገር ሐጂን እንቅልፍ የሚነሣ ነበር።

«ያ ሙዓሊም፣ ይኼ ፆማችሁ መቼ ነው የሚፈታው?» ብለው ቲቸርን ይጠይቃሉ።

«አይፈታም፣ ሐጂ።»

«አይፈታም! ሲስተር ስሚ፣ የእናንተን ሁዳዴ የሚያስንቅ ተገኘ!»

በ1979 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ማዳም ሴት ልጅ ወለዱ። ያዋለደቻቸው እናቴ ናት። ልጅቷ ፀጉራም፣ ዐይነ ትልቅ ነበረች። የሐጂ ባለቤት እንዳየቻት «ማሻአላህ» ብላ ቶሎ ፊቷን በነጠላ ሸፈነቻት። ማዳም ግን እንደ ወላድ አልተደሰቱም። ሌሊት ተነሥተው እስትንፋሷን ያዳምጣሉ። ቀን በቀን እናቴን ጠርተው «ትኩሳት አላት?» ይላሉ። ምክንያቱን እናቴ ታውቅ ነበር፤ ለእኔም ነገረችኝ። የመጀመሪያ ልጃቸው፣ ቲቸር ገለምሶ ሲያስተምሩ፣ ዓመት ሳይሞላው በትኩሳት ሞቶባቸዋል።

የካቲት ሲጋመስ ማዳም ቀን መቁጠሪያ ላይ ጨረቃዋን መከታተል ጀመሩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከእሳቸው ጋር ሽንብራ ስንለቅም ነገሩን ዘርዝረው ነገሩኝ።

በአገራቸው ክረምቱ — የእነሱ ክረምት ብርድ እንጂ ዝናብ አይደለም — ሲያልቅ፣ ጨረቃ በምትሞላበት ቀን ሆሊ የሚባል በዓል አለ። ማታ ደመራ የመሰለ ትልቅ እሳት ይነድዳል፤ በማግሥቱ ሰው ሁሉ ቀለም ይረጫጫል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሆሊ በዚያ ዓመት ለተወለደ ልጅ ነው። በጥንት ዘመን ሕፃናት የምትበላ አንዲት ጭራቅ ነበረች ይላሉ። አማልክቱን ለምና፣ ጦር እንዳይገድላት፣ ሰው እንዳይገድላት፣ ብርድና ሙቀት እንዳይገድላት ቃል ተቀብላለች። ልጆችን ግን ረሳቻቸው፤ ልጅ ምን ያደርገኛል ብላ ናቀቻቸው። እናም አንድ ቀን የአገሩ ልጆች ተሰብስበው፣ እሳት አንድደው፣ ዱላ እያጋጩ፣ እየጮሁ፣ እየሳቁ፣ ያወቁትን ስድብ ሁሉ እየሰደቧት አባረሯት። ስለዚህ አዲስ የተወለደ ልጅ በመጀመሪያው ሆሊ እሳቱ ዘንድ ይወሰዳል፤ የእናቱ ወንድም አዲስ ልብስ ይዞ መጥቶ ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ልጆች ከሁለቱ ራስ በላይ ዱላ ያጋጫሉ፣ ይጮኻሉ። ጭራቂቱም ያን ልጅ ትተዋለች።

«በሚቀጥለው ዓመት ቢሆንስ?» አልኩ።

ማዳም ራሳቸውን ነቀነቁ። «የመጀመሪያው ብቻ ነው። ወንድ ልጄ ሳይደርስለት ነው የሄደው።»

ቲቸር የሒሳብ ሰው ናቸው፤ በጭራቅ አያምኑም። ግን ሚስታቸው እንደምትፈራ ያውቃሉ። ወንድሟ ያለው ከባሕር ማዶ ነው፤ እሳት ማንደድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ መጮህማ በዚያን ጊዜ ጭራሽ የሚታሰብ አልነበረም። «እናያለን» ብቻ ይሉ ነበር። ማዳም ደግሞ «እናያለን» ማለት «አይሆንም» ማለት መሆኑን ያውቃሉ።

አንድ ቀን ሐጂ ከገበያ ሲገቡ ማዳምን ቧንቧው ጋ እንባቸውን ሲጠርጉ አገኟቸው። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። በኋላ እንደሰማሁት የተባባሉት ይህን ብቻ ነው።

«ምን ሆነሻል፣ ልጄ? ማን አስከፋሽ?»

«ሕፃን… መጀመሪያ ሆሊ። ሆሊ የለም፣ ሐጂ። ወንድም የለም። ወንድም ያመጣል። የለም።»

ሐጂ አንገታቸውን ነቅንቀው ወጡ። በማግሥቱ ጠዋት በጭነት መኪና ወደ ሚኤሶ ወረዱ። የተመለሱት በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ነው፤ አንድ በግ እየጎተቱ። የቆላ በግ ነው፤ አካሉ እንደ ጥጥ ነጭ፣ ከአንገቱ በላይ ጥቁር፣ ላቱ የደለበ። ቀጥታ ወደ ማዳም በር ወስደው አሰሩት።

«ማዳም! ነይ ውጪ! አልቅሰሽ አልቀረሽም!»

ማዳም ወጡ። በጉን አዩ። በጉም እሳቸውን አየ። ቲቸር ደብተር እያረሙ ነበርና ብዕራቸውን እንደያዙ ደረሱ። እኔም ሮጬ መጣሁ።

«ይህ ምንድነው?» አሉ ቲቸር።

«ሆላ ነዋ!» አሉ ሐጂ። «ለሴት አንድ፣ ለወንድ ሁለት ነው ደንቡ። ዐቂቃዋ ሳይታረድላት አምስት ወር! እንግዲህ እናንተም ደንቡ አላችሁ ለካ! ወንድም የለኝም ብላ ማልቀስ ምን ያስፈልጋል? እኛ የለንም?»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሆላ በኦሮምኛ በግ ማለት ነው። በእስልምና ደግሞ ልጅ ሲወለድ በግ ታርዶ ሥጋው ለዘመድ፣ ለጎረቤትና ለድሃ ይከፋፈላል፤ ዐቂቃ ይባላል። ማዳም «ለልጄ የመጀመሪያ ሆሊ የለም፤ የሚያመጣ ወንድም የለም» ሲሉ፣ ሐጂ የሰሙት «ለልጄ የመጀመሪያ በግ የለም» የሚል ነው። ምን ዓይነት ሰው ነው ይህን ሰምቶ የሚተኛ?

ላስረዳ ሞከርኩ። «ሐጂ፣ ሆላ አይደለም ያሉት። ሆሊ ነው። በዓል ነው። በግ የለበትም።»

«በግ የሌለበት በዓል?»

«እሳትና ቀለም ነው።»

«እሳትና…» ሐጂ በጉን አዩ፣ ቲቸርን አዩ፣ እኔን አዩ። ባለቤታቸው መስኮቱ ላይ ሆና ሁሉንም ትሰማ ነበርና ሣቋ ከቤት ውስጥ ፈነዳ።

«አንቱ ሰውዬ! ሣር ለሚበላ ሰው በግ ይዞ መምጣት! አብረው ሣር ይጋጡ ብለው ነው?»

«ዝም በይ አንቺ!»

እናቴም ከሥራ ገብታ ደረሰች፤ ነገሩን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሲስተር፣ አንቺ እንኳ ትበያለሽ?» አሏት ሐጂ፣ ተስፋ እንደቆረጠ ሰው።

«ሐጂ፣ ሁዳዴ ነው።»

«ባይሆንስ የኔን ቢላ መች ትበያለሽ! አላህ! ግቢው በሙሉ ጾመኛ! ይኼን በግ ማን ሊበላው ነው?»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸው ብቻ አልሳቁም። የቀላ ጢማቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ አፍረው ነበር። ገመዱን ሊፈቱ ጎንበስ ሲሉ ማዳም በእንግሊዝኛ «ለምን እንዳመጣው ጠይቂው» አሉኝ። ጠየቅኳቸው። ሐጂ ቀና ሳይሉ «ወንድም የለኝም ስላለች» አሉ። ተረጎምኩት።

ማዳም ያደረጉትን እስከ ዛሬ በአድናቆት ነው የማስበው። ሥጋ የሚሸት ጎዳና ሲያጋጥማቸው መንገድ የሚቀይሩ ሴት ናቸው። ወደ በጉ ሄደው እጃቸውን ጥቁር ግንባሩ ላይ አሳረፉ። ቀጥለው ጎንበስ ብለው የሐጂን እግር በጣታቸው ጫፍ ነኩና ጣታቸውን ወደ ራሳቸው ወሰዱ። ሐጂ ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ።

«ንገሪው» አሉኝ ማዳም። «በእኛ አገር ለሕፃን የመጀመሪያ ሆሊ ስጦታ ይዞ የሚመጣው የእናቱ ወንድም ነው። ሌላ ሰው አያመጣም። ስለዚህ ይህ ሰው ወንድሜ ነው። ልጄን እሳቱ ዘንድ እሱ ይያዝልኝ።»

ተረጎምኩላቸው። ሐጂ ግን ወዲያው እሺ አላሉም። ዱካቸው ላይ ተቀምጠው «እሳቱ የምን እሳት ነው? ንገሩኝ እስቲ» አሉ።

ማዳም ነገሯቸው፤ እኔ እየተረጎምኩ። ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ንጉሥ ነበር። ሰውም አውሬም እንዳይገድለው፣ ቀንም ሌትም እንዳይሞት፣ ቤት ውስጥም ደጅም እንዳይሞት ኪዳን ተቀብሏል። ከዚያ በኋላ ልቡ አበጠ፤ ከእኔ በቀር ማንም እንዳይመለክ ብሎ ዐዋጅ አወጣ። እንቢ ያለው የገዛ ልጁ ነው፤ ገና ብላቴና። ከገደል ወረወሩት፣ አልሞተም፤ መርዝ ሰጡት፣ አልሞተም። የንጉሡ እህት እሳት የማይነካው መጎናጸፊያ ነበራት። ልጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እሳት መሐል ተቀመጠች፤ እሱ ነድዶ እሷ ልትወጣ። ልጁ የአምላኩን ስም ጠራ። ነፋስ መጣ፤ መጎናጸፊያውን ከእሷ ገፍፎ ለልጁ አለበሰው። እሷ ተቃጠለች፣ እሱ ወጣ። እሳቱ የሚነድደው ለዚህ መታሰቢያ ነው።

ሐጂ ጭናቸውን መቱ። «ይኼማ የነቢዩላህ ኢብራሂም ታሪክ ነው! ነምሩድ እሳት ውስጥ ጨመራቸው፣ እሳቱ ቀዘቀዘ!»

«የለም ሐጂ፣ ሠለስቱ ደቂቅ ናቸው» አለች እናቴ። «ናቡከደነፆር ነው የጨመራቸው።»

«ሦስት ናቸው አልተባለም፣ ሲስተር! አንድ ልጅ ነው የተባለው!»

«አንድ መሆኑንስ፣ ነገር ሲተላለፍ ሁለቱን ረስተዋቸው ቢሆን!»

ለቲቸር ሁለቱ የሚጨቃጨቁበትን ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሲስቁ አየኋቸው። «ሦስት ምስክር ካለ» አሉ፣ «ከማስረጃው ብዛት እኔም ሳላምን አልቀርም።»

ሐጂ ግን ፊታቸው መልሶ ከበደ። «ልጅቷን ይዤ እሳቱን ልዞር ነው?» አሉ። ማዳም አዎን፣ ይዞራል አሉ። ሐጂ ተነሡ።

«ኢንተላ» አሉኝ፤ ሴት ልጅን በኦሮምኛ እንዲህ ነው የሚጠሩት፤ «እንዲህ ብለሽ ንገሪያት። እኔ በዕድሜዬ አንድ ነገር ነው የዞርኩት። መካ ሄጄ ከዕባን። ሌላ አልዞርም። ወንድምሽ ነኝ፤ ግን እሳት አልዞርም።» በጉን እዚያው ትተው ቤታቸው ገቡ።

ማዳም አልተከፉም። «ስለ አምላኩ እንቢ ካለ፣ ያ ልጅም እንደዚሁ ነው ያደረገው» ብቻ አሉ። ያን ሌሊት ግን መብራታቸው እስኪነጋ አልጠፋም።

የቀበሌው ፈቃድ ገና ነበር። ቲቸር ራሳቸው ሄዱ፤ እንድተረጉምላቸው እኔን ይዘው። ሊቀ መንበሩ ወጣት፣ ቁጡ ሰው ነበር።

«በዓሉ ሃይማኖት ነው?» አለ።

«የፀደይ በዓል ነው፤ ልጆች እሳት ከበው ጭራቅ ይሰድባሉ» አልኩ፣ ተጠንቅቄ።

«እሳቱስ?»

ፈርቼ ስለነበር የመጣልኝን ተናገርኩ። «የንጉሥ እህት የምትቃጠልበት ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «የምን ንጉሥ? ንጉሥ እናወድሳለን ነው የምትሉኝ?»

«አይደለም ጓድ፣ ንጉሡ ክፉ ነው። ሕዝቡን አስገድዶ ነው የሚያስመልከው። መጨረሻ ላይ ይሞታል።»

«አሃ!» ፊቱ ፈካ። «ፀረ ፊውዳል ነዋ! ማን ነው የሚገድለው? ሕዝቡ ነው?»

ቲቸርን ጠየቅኳቸው። እሳቸውም በደንብ አስረዱ፤ ሰውም አውሬም እንዳይገድለው ስለተባለ የልጁ አምላክ ግማሽ ሰው ግማሽ አንበሳ ሆኖ መጣ፤ ቀንም ሌትም እንዳይሆን ፀሐይ ስትጠልቅ፤ ውስጥም ደጅም እንዳይሆን ደጃፉ ላይ ገደለው። ሊቀ መንበሩ «አንበሳ» የሚለውን ሲሰማ መስኮቱን አየ፤ አንበሳ ከዙፋን የወረዱት ንጉሥ ምልክት እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን።

«አንበሳውን ተዉት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለማንም እንዳትነግሩ። ሕዝቡ ገደለው በሉ። እሳቱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት ይጥፋ፤ ስድቡም በአብዮቱ ላይ እንዳይሆን።» ፈቀደልን።

ቅዳሜ ግቢው ሌላ ሆነ። የሰፈሩ ልጆች የማሽላ አገዳ ተሸክመው መጡ። የሐጂ ባለቤት ከጫት ተራ የደረቀ ገራባ — ቅጠሉ ተቅሞ የሚጣለውን እንጨት — በጆንያ አስመጣች፤ «እሱ ቢያኮርፍ እኔ መች አኮረፍኩ?» አለች። ማዳም ለማግሥቱ የሚሆን ቀለም ሲያዘጋጁ ቢጫውን ከእርድ፣ አረንጓዴውን ከሂና፣ ቀዩን ከተቀቀለ ቀይ ሥር አወጡ። አንዱ ልጅ ቀዩ አነሰ ብሎ አንድ ጣሳ በርበሬ ይዞ ሲመጣ እናቴ ጆሮውን ይዛ መለሰችው። «ዐይን ልታጠፋ ነው? ጤና ጣቢያ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ስንቱን ላጥብ!»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከግቢው በስተጀርባ ያለው ሜዳ ላይ አገዳው ተከመረ። ማዳም ከትውልድ አገራቸው ያመጡትን ቀይ ልብስ ለብሰው፣ ልጃቸውን ታቅፈው ቆሙ። ከተራራው በላይ ጨረቃዋ ስትወጣ ቲቸር ሰዓታቸውን አዩ፤ ከዚያ የሐጂን በር አዩ። በሩ ዝግ ነው። ሐጂ መስጊድ ናቸው፤ ይምጡ አይምጡ ባለቤታቸውም አታውቅም። «እኔ ልያዛት» አለች እናቴ ቀስ ብላ። ማዳም «የእናት ወንድም ነው» አሉ በአማርኛ። ፊታቸውን ግን አየሁት፤ እጃቸው ያለችውን ልጅ ሳይሆን ሌላኛውን የያዙ ይመስሉ ነበር።

የመግሪብ አዛን አልቆ ጥቂት ቆየ። ቲቸር ክብሪቱን ሊጭሩ ሲሉ የሐጂን ዱላ ድምፅ ሰማን። ነጭ ቆባቸውን እንዳደረጉ፣ ብብታቸው ውስጥ አንድ ጥቅል ይዘው መጡ። ባለቤታቸው ሮጣ ያመጣችላቸውን ዱካ ነጥቀው፣ ከአገዳው ክምር ራቅ አድርገው አስቀመጡትና ተቀመጡበት።

«አስቤበታለሁ» አሉ ጮክ ብለው። «አጎት እህቱ ቤት ሲሄድ ይቀመጣል እንጂ አይዞርም! እናትየው ትዙር። እኔ እቀመጣለሁ። አምጧት።»

ተረጎምኩ። ማዳም አለቀሱ፣ ሳቁም። ልጃቸውን ይዘው የተለኮሰውን እሳት ዞሩ፣ ጥቂት ኦቾሎኒ ወረወሩበት፣ መጥተው ልጅቷን ሐጂ ጭን ላይ አስቀመጧት። ሐጂ ጥቅሉን ፈቱ፤ የሕፃን ቀሚስ ነው፣ ብርማ ጥልፍ ያለው። «አጎት ልብስ ያመጣል አላላችሁም?» አሉና ራሳቸው ሊያለብሷት ሲታገሉ ክንዷን በአንገቱ አወጡት።

ልጆቹ ከሐጂና ከልጅቷ ራስ በላይ ዱላ ማጋጨት ጀመሩ። ገራባው ሲንጣጣ፣ እነሱም ጭራቂቱን በሁለት ቋንቋ ይሰድቧት ጀመር።

«አንቺ ጥርሰ ገጣጣ!»

«ሚኤሶ ሂጂ፣ ግመል ያግባሽ!»

«ቦርደዴ ሂጂ፣ ጥላ እንኳ አታገኚም!»

«የቀበሌ ወረፋ ያቁምሽ!»

በዚህኛው አዋቂዎቹ ዞር ዞር ብለው አዩ፤ ሊቀ መንበሩ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ሳል አስመሰለው እንጂ እየሳቀ እንደነበረ እኔ አይቻለሁ። ሐጂም አልቻሉም፤ ልጅቷን በሁለት እጃቸው ወደ ደረታቸው ጠጋ አድርገው «ጥፊ ከዚህ! የኔ ልጅ ናት!» አሉ። ልጅቷ ያ ሁሉ ጩኸት ከላይዋ እያለ ቀይ ጢማቸውን ጨብጣ ዝም ብላ ታያቸው ነበር።

በማግሥቱ እሑድ የቀለሙ ቀን ሆነ። ይህን ቀን ማዳም ሲያስረዱን ስለ አንድ ጥቁር ወጣት አምላክ አወሩን። የሚወዳት ልጅ ቀይ ናት። ለምን እኔ ጠቆርኩ፣ እሷ ቀላች ብሎ እናቱን ሲያስቸግር፣ እናቱ «ሂድና የፈለግኸውን ቀለም ፊቷን ቀባት፤ ያኔ ማን ጥቁር ማን ቀይ እንደሆነ ይታወቃል?» አለችው ይላሉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቀን ታላቅና ታናሽ፣ ጌታና ሎሌ፣ አስተማሪና ተማሪ የለም። ይህ እውነት መሆኑን ያረጋገጥኩት ቲቸር ፊታቸውን ሰጥተው «በይ» ሲሉኝ ነው። በትምህርት ቤታችን አስተማሪን ቀና ብሎ ማየት ያስቀጣል። እርድ በመዳፌ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። «ፈተና አይደለም» አሉኝ። ጉንጫቸውን ቀባኋቸው። እሳቸውም ግንባሬ ላይ አረንጓዴ ክበብ አዞሩልኝ፤ ሲጨርሱ መሥመሩ ገጠመ።

የማን ፊት የማን እንደሆነ ጠፋ። እናቴ ነጭ የሥራ ልብሷን ደብቃ፣ በአሮጌ ቀሚስ ወጥታ፣ የሐጂን ባለቤት በቀይ ሥር ውሃ ስታሳድዳት አየሁ። በጉም አላመለጠም፤ ነጭ አካሉ እስኪጠፋ ድረስ ቀቡት፤ ከአንገቱ በላይ ብቻ እንደ ተፈጠረ ቀረ።

ሐጂ ቀለም የነካቸው ጢማቸው ላይ ብቻ ነው፤ «እሱስ ለምዶታል» አሉ። ከሰዓት በኋላ፣ ሁሉም ሲታጠብ፣ ለማዳም ጥያቄ አቀረቡ። «በጉን ለልጅቷ ብዬ ኒያ አድርጌበታለሁ። በልቤ ለአላህ የሰጠሁትን መልሼ መሸጥ አልችልም። ምን ላድርግ?»

ማዳም ብዙ አሰቡ። እንደማይታረድ ቃል ግባልኝ ማለት ይችሉ ነበር፤ እህት ናቸውና። ግን እንዲህ ነው ያሉት፤ «አንተ እሳቱን ሳትዞር መጣህልኝ። እኔም ከኒያህ አላወጣህም። እዚህ አገር እስካለሁ ግን ልጄና በጉ አብረው ይኑሩልኝ። ከሄድን በኋላ የአምላክህን አድርግ።» ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ቃሌ ነው» አሉ።

ቃላቸውንም ጠበቁ። ዝናብ ሲመጣ ቀለሙ ከበጉ ታጠበ፤ ልጅቷ ጎኑን ይዛ መቆም ተማረች። በክረምቱ መጨረሻ አንድ ጊዜ ትኩሳት ያዛት። እናቴ መድኃኒት ሰጠቻት፤ ሐጂ ደጃፉ ላይ ዱካቸውን አስቀምጠው ውለው አደሩ። ማዳም ያን ጊዜ አላለቀሱም። «ጭራቂቱ ታውቃለች፣ ይህችን አትነካትም» ይሉ ነበር እጅዋን ይዘው። ልጅቷ ዳነች። እናቴ በመድኃኒቱ ነው ትላለች፤ እኔ በሁለቱም ነው ብዬ ብጽፍ መምህሬ እንዳይታዘቡኝ እፈራለሁ፤ ግን እውነቱ እንደሱ ይመስለኛል። ጥቅምት ላይ ዓመት ሞላት።

በሚቀጥለው ክረምት የቲቸር ውል አለቀ። ሐጂ እስከ ሚኤሶ ሸኟቸው፤ አጎት እስከ መንገዱ መጨረሻ ነው የሚሸኝ ብለው። ልጅቷን መኪና ውስጥ ያስገቧት እሳቸው ናቸው፤ ጢማቸውን አልለቅ ብላ ቲቸር ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያላቀቁት። ሐጂ ብቻቸውን ወደ ግቢው ተመለሱ። በማግሥቱ ጠዋት ቢላቸውን ሳሉ፤ የልጅቷን ስም በደንብ፣ ሳያበላሹ ጠርተው፣ ቢስሚላህ ብለው በጉን አረዱ። ሥጋውን ለመስጊዱ ደጅ ድሆች በሙሉ አከፋፈሉ፤ ለራሳቸው አንዲት ቁራጭ አላስቀሩም። የዚያች ሕፃን ሆሊም ዐቂቃም አብረው የተፈጸሙት በዚያ ቀን ነው፤ ሐሙስ፣ ሐምሌ 7 ቀን 1980 ዓ.ም.።